ሽቦውን ማጥፋት ቀላል ነው

የሽቦ አጥርን ከፎቶግራፍ ላይ ማጥፋት ከባድ ሥራ አይደለም። ረጅም ሌንስ ይገጠማል፤ 300 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። የእንስሳው ተንከባካቢ ሲፈቅድ ብቻ የሌንሱን አፍ ወደ ሽቦው በጣም ማስጠጋት፣ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው መክፈት፣ ከዚያም እንስሳው ከአጥሩ ራቅ እስኪል መጠበቅ ነው። ፀሐይ የመታው ሽቦ ስለሚያንጸባርቅ በባርኔጣ ጥላ ይጣልበታል። አውቶ ፎከሱ ሽቦው ላይ እንዳይጣበቅ በእጅ ይስተካከላል። ያኔ ሽቦው እንደ ጭጋግ ሟሙቶ ይጠፋል፤ አንበሳውም ሰፊ ሜዳ ላይ እንዳሻው የቆመ ይመስላል። እኔ ራያ ውስጥ፣ ዋጃ ላይ ፎቶ ቤት ያለኝ፣ በጉርድና በሠርግ ፎቶ ሙያውን የጀመርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ዘዴ መልመድ አልከበደኝም። የከበደኝ መቼ ልጠቀምበት የሚለው ነው።

ጥያቄው የመጣብኝ እንስሳ ኮቴ ውስጥ ነው። እንስሳ ኮቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ሆለታ አቅራቢያ፣ በ77 ሄክታር ላይ ያረፈ የዱር እንስሳት መታደጊያ ማዕከል ነው። የሚያስተዳድረው ቦርን ፍሪ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1984 ያቋቋሙት ኤልሳ ስለምትባለው አንበሳ በተሠራው ፊልም ላይ የተወኑት ባልና ሚስት ቨርጂኒያ ማኬናና ቢል ትራቨርስ ናቸው። በማዕከሉ ያሉት አንበሶች፣ አቦ ሸማኔዎችና ጦጣዎች ከሰንሰለት፣ ከጠባብ ጎጆ ወይም ከኮንትሮባንድ ነጋዴ እጅ የተወሰዱ ናቸው። ታሪኩ በብዛት የተነገረለት ዶሎ የተባለው አንበሳ በሶማሊያ ድንበር አካባቢ ለዓመታት በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ስለኖረ፣ ሰንሰለቱ አንገቱን እየፋቀ ጎፈሩን በወጉ እንዳይበቅል አድርጎት ነበር።

እንዲህ ዓይነት ታሪክ የሰማ ሰው ካሜራውን ከማንሳቱ በፊት ስሜቱ ይቀድመዋል። መጀመሪያ ቁጣ ይመጣል፤ ቀጥሎ እንስሳው ሣር ላይ ተጋድሞ ሲታይ ደስታ፤ ከዚያ ደግሞ፣ ይህ ነው ወይ ደስ ያለኝ የሚል ኀፍረት። እነዚህ ስሜቶች እውነተኛ ናቸው፤ ፎቶ አንሺን ግን ያሳስታሉ። አቦ ሸማኔ ከዓይኑ ጥግ እስከ አፉ የሚወርድ ጥቁር መስመር አለው። ልቡ የተነካ ፎቶ አንሺ ያን መስመር አጉልቶ ያነሳና እንስሳው ያለቀሰ ያስመስለዋል። መስመሩ ግን በዱር በነጻነት የሚሮጠውም ላይ አለ፤ ሐዘኑ የተመልካቹ ነው። አንበሳም ሲያዛጋ ጥርሱ ሁሉ ስለሚታይ፣ በፎቶ ላይ ያገሳ ይመስላል። ስለዚህ አንድን ፎቶ ከመምረጤ በፊት ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህን ያሳየኝ እንስሳው ነው ወይስ እኔ ነኝ የሰጠሁት?

ለማንሳት ከሁሉ የሚያስቸግረው ነገር ደግሞ መመላለስ ነው። ረጅም ዘመን ታስሮ የኖረ እንስሳ ሰፊ ቦታ ካገኘ በኋላም ቢሆን፣ የድሮዋን ጠባብ ቦታ ልክ ይዞ ወዲያ ወዲህ ሊመላለስ ይችላል። አንድ ፎቶ ይህን አያሳይም፤ በቅጽበት የተያዘው እንስሳ በኩራት እየተራመደ ይመስላል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እንስሳውን ትቶ፣ ሣሩ ተላጭቶ የቀረውን የእግሩን መንገድ ማንሳት ነው። ሁለተኛው ካሜራውን በትራይፖድ አቁሞ፣ አፐርቸሩን አጥብቦ፣ ሹተሩን እስከ አንድ ስምንተኛ ሰከንድ ድረስ ማዘግየት ነው። ፎከሱ ሽቦው ላይ ሲያርፍ አጥሩ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ እንስሳው ግን የሚያልፍ ጥላ ይሆናል። ሠርግ ላይ ብትሆን የምትጥለው ፎቶ፣ እዚህ ትክክለኛው ነው።

ሽቦውን ሙሉ በሙሉ ካጠፋሁ፣ አሮጌ ልማድ እየቀጠልኩ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1948 ያቋቋሙት የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ ለብዙ አዲስ አበቤ ቤተሰብ የማስታወሻ ፎቶ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘር ጥናት በዚያ ግቢ ያሉት፣ ጥቁር ጎፈራቸው እስከ ደረትና ሆዳቸው የሚወርድ አንበሶች ከሌሎች አንበሶች በዘር የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህን ያህል ውድ የሆነ ዘር በብረት ፍርግርግ ውስጥ እየኖረ፣ በሳንቲማችን ላይ ያለው አንበሳ ፍርግርግ የለውም። እኛ አንበሳን የምንወደው አጥሩን እያነሳንለት ነው።

በሌላ በኩል፣ ሽቦውንና ሰንሰለቱን ብቻ ማሳየትም ዕዳ አለው። ይህን የራያ ሰው ያውቀዋል። ከዋጃ በአላማጣ በኩል የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ ከወጡ በኋላ ኮረም ይደረሳል። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ከጋዜጠኛው ማይክል ቡርክ ጋር እዚያ የቀረጸው የረሃብ ፊልም ዓለምን ቀሰቀሰ፤ እህል መጣ፣ ገንዘብ መጣ፣ የሰው ነፍስ ተረፈ። ይህን የሚክድ የለም። ግን የሰባ ሰባቱ ምስል ከዚያ ወዲህ አልለቀቀንም፤ ማሽላው ባማረበት ዓመት እንኳ ከሩቅ የመጣ እንግዳ የሚፈልገው ያንን ፊት ነው። ሰውን ከእንስሳ ጋር እያነጻጸርኩ አይደለም፤ የማነጻጽረው ካሜራን ከካሜራ ጋር ነው። የአዘኔታ ምስል ነፍስ ሊያተርፍ ይችላል፤ የተነሳውን ግን በዚያች በከፋች ቀኑ ላይ ቸንክሮ ያስቀረዋል።

ከሁለቱም የሚብሰው ሦስተኛ ዓይነት ፎቶ ነው፦ የአቦ ሸማኔ ግልገል በሰው እቅፍ ውስጥ። ከአፍሪካ ቀንድ ግልገሎች ከእናታቸው እየተሰረቁ በሶማሌላንድ በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለቤት ማሳመሪያ ይሸጣሉ። በዱር የቀሩት አቦ ሸማኔዎች በዓለም ደረጃ 7,000 ገደማ ናቸው። ዓለም አቀፍ ንግዳቸው እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ በአገራችንም የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጥቷል። ግልገል አደን የሚማረው ከእናቱ ጋር አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ ስለሆነ፣ የተሰረቀው ቢያዝም ወደ ዱር መመለሱ እጅግ አስቸጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የቺካጎው ሊንከን ፓርክ መካነ አራዊት ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ቺምፓንዚን ከሰው ጋር በፎቶ ያዩ ሰዎች፣ ያንኑ ፎቶ ሰው ሳይኖርበት ካዩት ይልቅ፣ ቺምፓንዚ በዱር ብዛቱ ደህና ነው ብለው ማሰብና ለቤትም የሚሆን አድርገው ማየት ይቀናቸዋል። ስለዚህ ግልገልን የያዘ እጅ፣ የሚያድን እጅ ቢሆንም፣ ከፎቶዬ ውስጥ አይገባም። ተንከባካቢዎቹ ቅር አይላቸውም፤ ከእኔ በፊት የሚያውቁት ነገር ነው።

ፎቶዎቹን ዋጃ ላይ ሳሳይ ሁሉም አያደንቅም። ጉርድ ፎቶ ሊነሱ የመጡ አንድ አባት ከማዕከሉ ጦጣዎች የአንዷን ምስል አይተው፣ «ልጄ፣ ማሽላችንን ስትጨርስ የኖረች ጦጣ ደግሞ ሐኪም ቆመላት?» አሉኝ። ሳቅሁ፤ ልጅ ሳለሁ እኔም ማማ ላይ ወጥቼ በወንጭፍ ጦጣና ወፍ ስጠብቅ ነው የዋልኩት። ግን የእሳቸው አነጋገር ብዙ ነገር ገለጠልኝ። የራያ ገበሬ ጦጣን ይጠላል እንጂ አይንቃትም። መቼ እንደምትመጣ፣ ማንን ዘብ እንደምታቆም፣ በየት እንደምታመልጥ ጠንቅቆ ያውቃል። ባላጋራው ናት። ሆቴል ግቢ ውስጥ ወገቧን በገመድ አስሮ ለእንግዳ መሳቂያ ያደረጋት ሰው ግን ይወዳታል፤ ገመዱ ሥጋዋ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ይወዳታል።

ከዚያ ወዲህ ካሜራዬን የማነሳው በማማው ላይ ዓይን ነው። እንስሳው ምን ሊያደርግ አስቧል? ምን ሰምቶ ጆሮውን አቀና? የሚያውቀው፣ እኔ የማላውቀው ምንድን ነው? እንዲህ ሲታይ ሽቦው መደበቅም መጉላትም አያስፈልገውም፤ በፎቶው ጠርዝ ላይ፣ ወይም እንስሳው ፊት ላይ እንደ ቀጭን ጥላ፣ በቦታው ይቀመጣል። እንስሳው ንቁ ነው፤ አጥሩም አለ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው።

ከፎቶው ሥር ደግሞ ሁልጊዜ ሁለት መስመር እጽፋለሁ፦ ከምን ዓይነት እስር እንደመጣና ወደ ዱር ሊመለስ ይችል እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ። ፎቶውን አይቶ «እኔም አንድ በኖረኝ» ያለ ሰው ካለ ሥራዬ ከሽፏል። «እዚህ ያደረሰው ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ካለ ግን፣ መልሱን እኔን ሳይፈልግ እዚያው ሥሩ ላይ ማግኘት አለበት።