«ጨርሰው» እና «አለቀለት»፦ በድል ማግስት ስለሚነገር ትእዛዝ

በካርቱም ሐጂ ዩሱፍ ሰፈር፣ ከ2023ቱ (እ.ኤ.አ.) ጦርነት በፊት በተለመደው የኑባ ትግል፣ ተጋጣሚውን መሬት ላይ የጣለ ያሸንፋል። መጣልና ድል አንድ ናቸው፤ ለአማርኛም «ጣለው» ይበቃዋል። በ1992 (እ.ኤ.አ.) የወጣው «ሞርታል ኮምባት» የተሰኘው ጨዋታ ግን ሁለቱን ለያያቸው። ድሉ ከተለየ በኋላ ተሸናፊው እየተንገዳገደ ይቆማል፤ «ፊኒሽ ሂም» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ አሸናፊው ከፈለገ «ፌታሊቲ» በተባለው ስልት ይገድለዋል።

«ጨርሰው» ብሎ መተርጐም ቀላል ይመስላል። እንግሊዝኛው የሚለየው የተሸናፊውን ጾታ ብቻ ነው፤ አማርኛ የታዛዡንም ይጠይቃል፦ ጨርሰው፣ ጨርሺው፣ ጨርሳት፣ ጨርሺያት። (ዐረብኛም በትእዛዝ አንቀጽ ጾታ ስለሚለይ የካርቱም ተርጓሚ ከዚህ አያመልጥም።)

«አለቀለት» ከዚህ ጣጣ ያድናል፤ የሚስማማው ከተሸናፊው ጋር ብቻ ነውና፦ አለቀለት፣ አለቀላት። የሚገርመው የ«ለ» ነገር ነው። «አለቀበት» ብንል ገንዘብ ወይም ስንቅ ያለቀበት ሰው ይታሰበናል፤ ራሱ ላለቀው ሰው ግን የምንጠቀመው የጥቅም አመልካች የምንለውን «ለ»ን ነው። «አበቃለት»ም እንዲሁ። ስያሜው ሊታረም ይገባዋል።

ያም ሆኖ እኔ «አለቀለት»ን አልመርጥም። ዜና እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ተጫዋቹን ከገዳይነት ወደ ተመልካችነት ያወርደዋል። ጨዋታው ሲጀመር የተጫዋቹ ጾታ ይጠየቅና ትእዛዙ እንደ ጾታው ይነገር።