ጥማቱ ከላይ ነው

ጓሮ ማልማት የጀመረ ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ «የጥብስ ቅጠል ገንጥዬ ተከልኩ፤ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣሁት፤ ታዲያ ለምን ደረቀ?» ከጎረቤት የሚያገኘው መልስ «ውሃ አንሶት ይሆናል» ወይም «እጅህ አያጸድቅም» ነው። የመጀመሪያው መልስ ቀጣዩን ቁራጭ በእጥፍ ውሃ ያሰጥመዋል። ሁለተኛው ይብሳል፤ ሊማር የመጣን ሰው ዕድለ ቢስ ነህ ብሎ ይሸኘዋል። መጽደቅ የእጅ ጉዳይ አይደለም። የተገነጠለ ቅርንጫፍ የሚሞትበት ዋና ምክንያት የታወቀ ነው፤ ያም ያለው ሁላችንም ጣሳ ይዘን ከምናጎነብስበት ከግርጌው ሳይሆን ከቅጠሉ ላይ ነው።

ሥር ያለው ተክል በቅጠሎቹ የሚተንበትን ውሃ ሥሩ ከአፈር እየሳበ ይተካለታል። ስንቆርጠው የሚተካለት አካል ቀረ፤ ትነቱ ግን እንደ በፊቱ ይቀጥላል። የተቆረጠው ጫፍ መጠነኛ ውሃ መሳቡ አይካድም፤ ቁስሉ እየተደፈነ ሲሄድ ግን እሱም ይቀንሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደረቅ ነፋስ ውስጥ፣ በአዲስ አበባ ፀሐይ ፊት የቆመ ቅርንጫፍ እግሩ ጭቃ ውስጥ ሆኖም ይጠወልጋል። የጥብስ ቅጠል ሥር እስኪያወጣ ሳምንታት ይፈጅበታል። ዋናው ጥያቄ እንግዲህ እነዚያን ሳምንታት ቅጠሉ ሳይደርቅ እንዴት ይለፍ የሚለው ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን የለንደኑ ሐኪም ናትናኤል ዋርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1829 በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ፈርን የተባለው ተክል ማንም ሳያጠጣው ሲያድግ አስተዋለ። በ1833 ደግሞ በመስታወት ሣጥን የታሸጉ ተክሎችን በመርከብ ወደ አውስትራሊያ ላከ፤ ወራት የፈጀውን የባሕር ጉዞም በሕይወት ጨረሱት። ሣጥኑ ውሃ አልጨመረላቸውም፤ ያላቸው እንዳይባክን ያዘላቸው እንጂ። በእኛ ጓሮ ይህንኑ ሥራ ቂጡ ተቆርጦ የተደፋ የሃይላንድ ፕላስቲክ ይሠራዋል።

ከታች በኩል ደግሞ ቁራጩ ከውሃ እኩል አየር ይፈልጋል። አዲስ ሥር የሚሠራው ሕዋስ ይተነፍሳል፤ አንድ ሊትር ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ደግሞ አንድ ሊትር አየር ከሚይዘው 30 እጥፍ ገደማ ያንሳል። በየቀኑ የሚጠጣ፣ በተለይም ዋልካ የሆነ አፈር፣ ቀዳዳው ሁሉ በውሃ ይሞላና ቅርንጫፉ ከግርጌው ጠቁሮ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ግርጌ ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ተካዩም ጠማው ብሎ ይጨምርለታል። በዚህም ብዙ ቁራጭ ያልቃል።

እጅ ላይ ሲሆን ነገሩ ይህን ይመስላል። ከጥብስ ቅጠሉ አበባ ያልያዘ የዘንድሮ ለጋ ይመረጣል፤ ጎንበስ ሲያደርጉት ታጥፎ የማይቀር፣ ቀጭ ብሎም የማይሰበር፣ ተመልሶ ቀጥ የሚል። አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ይበቃዋል። በስለታም ምላጭ ከአንጓ ዝቅ ብሎ ይቆረጥና የታችኛው ግማሽ ቅጠሉ ይላጣል። ታጥቦ የተጣራ የወንዝ አሸዋ ከኮምፖስት ጋር እኩል ተቀላቅሎ በጣሳ ይሞላል፤ ቀዳዳው በእርሳስ ቀድሞ ይበጃል፤ ቁራጩን በግድ መሰካት ቆዳውን ይልጠዋል። ከዚያ አፈሩ በጣት ጠበቅ ተደርጎ አንድ ጊዜ በደንብ ይጠጣል፣ ሃይላንዱ ይደፋል፣ ጣሳው ብርሃን እንጂ ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ይቀመጣል። የፕላስቲኩ ውስጠኛ ግድግዳ ጤዛ እስካለው ድረስ ውሃ አይጨመርም። ጸድቆ እንደሆነ ለማየት እየነቀሉ መፈተሽ ገና የበቀለውን ሥር መበጠስ ነው፤ ጫፉ ላይ አዲስ ቅጠል መውጣቱም ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ቅርንጫፉ ካለው ስንቅ ያወጣዋልና። የሚተከልበት ዕቃም ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ከሆነ ነጩ ሥር ግድግዳው ላይ ሲደርስ በዓይን ይታያል።

ቅጠል ይህን ያህል ጠላት ከሆነ ሁሉንም መላጥ አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። አይሻልም፤ ሥር እንዲወጣ የሚያዝዘው ኦክሲን የተባለው ሆርሞን የሚመነጨው ከጫፉና ከለጋ ቅጠሎቹ ነው፤ ምግቡንም የሚሠሩት እነሱ ናቸው። እንሰት ቅጠሉ ሁሉ ተቆርጦ፣ ከመሬት በታች ያለው ወፍራም ግንዱ፣ የአሚቾው፣ እምብርት ወጥቶ ሲቀበር በርካታ ችግኝ የሚሰጠው አሚቾው ራሱ ጎተራ ስለሆነ ነው፤ ቀጭን የጥብስ ቅጠል እንዲህ ያለ ስንቅ የለውም። ሬትና ቁልቋል ደግሞ ውሃቸውን በሰውነታቸው የሚይዙ፣ በቅጠል እምብዛም የማያባክኑ ናቸው፤ እነሱን መሸፈን ማበስበስ ነው፤ ቁስላቸው ደርቆ ቢተከሉ ይሻላል። ይህ ሁሉ ያንኑ ሐሳብ ያጠናክራል፤ መሸፈኛው የሚያስፈልገው ትነቱ ለሚያሰጋው ነው። ጤና አዳም ለስላሳ ስለሆነ ሙሉ ሽፋን ይወዳል፤ የጥብስ ቅጠል ጠንከር ስለሚል የሃይላንዱ ክዳን ተከፍቶለት ይተንፍስ።

ብርጭቆ ውሃ ውስጥ መንከር የሚወዱ ደግሞ ናናና በሶብላ ሥር ሲሰዱ ያሳያሉ። እውነት ነው፤ እነዚህ ግንዳቸው ለጋ፣ ሥር ለማውጣት ፈጣን ናቸው። ውሃ ውስጥ የበቀለ ሥር ግን ተሰባሪ ነው፤ አፈር ውስጥ ሲገባ እንደገና መልመድ አለበት፤ አንዳንዶቹም በዚህ ዝውውር ይሞታሉ። ከሁሉ ጠንካራው ተቃውሞ የእናቶች ነው፤ «እኛ ሐምሌ ላይ እንዲሁ ሰክተነው ይጸድቅ ነበር» ይላሉ። ልክ ናቸው። በሐምሌ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ደመና ነው፣ አየሩም እርጥብ ነው፤ ክረምቱ ራሱ ሃይላንድ ሆኖላቸዋል። በጥር ያንኑ ያደረገ ሰው እጁ ስለከፋ አይደለም የከሸፈበት፤ ደመናውን ስላላገኘ ነው። ማጸደቅን ማወቅ ለጉርብትናም ይጠቅማል፤ ጤና አዳም ከቡና ጋር በአጥር ላይ ከግቢ ግቢ የሚሻገር፣ ዋጋ የማይጠየቅበት ስጦታ ነው። ተቀባዩ ማጸደቁን ካላወቀበት ሌላ ጊዜ መቀበሉን ይተዋል፣ ሰጪውም መቁረጡን። ለዚህ ነው ይህን ነገር ደጋግሜ የምለው።

የመጨረሻው ጥፋት የሚፈጸመው ሥሩ ከታየ በኋላ ነው። ተካዩ ደስ ብሎት ሃይላንዱን በአንድ ጊዜ ያነሳዋል፤ በእርጥብ አየር ያደገው ቅጠል ግን መከላከያ ሰሙ ስስ ነው፣ በአንድ ቀን ፀሐይ ይጠወልጋል። ክዳኑ ያልተከፈተ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይከፈት፤ ከቀናት በኋላ ፕላስቲኩ በጠጠር ከፍ ይበል፤ ቀጥሎ ማታ ማታ ይነሳ፣ ቀን ይመለስ። ቅጠሉ ቀኑን ሙሉ ያለ ሽፋን ሳይጠወልግ ሲውል ሃይላንዱ ወደሚቀጥለው ቁራጭ ይዛወራል።