«የካንሰር መድኃኒት ተገኘ» ሲሉን ምን እንጠይቅ?

«የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ይላል ያገራችን ሰው። ካንሰር የገባበት ቤተሰብ የተስፋ ወሬ በሰማበት አቅጣጫ ሁሉ ቢሮጥ አይፈረድበትም። እኔ የምፈርደው ወሬውን በሚያከፋፍሉት፣ ይልቁንም ተምረናል እያልን በየድግሱና በየለቅሶ ቤቱ «እስቲ ይሞክሩት፣ ምን ይጎዳል?» በምንለው ላይ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ማስረጃው የት አለ ብሎ ለመጠየቅ ግን ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ሞተ ሲባል ተመልሶ የሚነሳውን «ቫይታሚን ቢ17» እንውሰድ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሲጀመር ቫይታሚን አይደለም። ሌትሪል የሚባል፣ በአፕሪኮት ፍሬ አስኳል ውስጥ ከሚገኘው አሚግዳሊን ጋር የሚዛመድ፣ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ሳያናይድ የተባለውን መርዝ ሊያመነጭ የሚችል ነገር ነው። እስከ 1978 ድረስ 70 ሺህ ያህል አሜሪካውያን እንደወሰዱት ይገመታል። ደጋፊዎቹ «ሐኪሞች አፍነውት ነው እንጂ» ይላሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ድጋፍ ማዮ ክሊኒክና ሌሎች 3 ማዕከላት፣ ሻጮቹ ራሳቸው ከሚያዙት ዓይነት የአመጋገብ ሥርዓት፣ ኢንዛይምና ቫይታሚን ጋር አድርገው በ178 ሕሙማን ላይ ሞከሩት። ውጤቱ በ1982 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ወጣ። መፈወስም፣ ዕድሜ ማራዘምም፣ ሕመም ማስታገስም አልታየበትም። ይባስ ብሎ በአንዳንዶቹ ሕሙማን ደም ውስጥ ሳያናይዱ ለሞት ወደሚያደርስ መጠን ተጠጋ። «ምን ይጎዳል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

«እገሌ ግን ድኗል እኮ!» የሚል አይጠፋም። እገሌ በመጀመሪያ ካንሰር መሆኑ በምርመራ ተረጋግጦ ነበር? ቀዶ ጥገና ወይም ኬሞ ወስዶ ነበር? ከሁሉ በላይ ደግሞ ምስክርነት የሚሰጠው በሕይወት ያለው ብቻ ነው። ያንኑ ወስደው መቃብር የወረዱት ቆመው አይመሰክሩም። ሳይንስ ቆጠራ የሚወደው ለዚህ ነው፤ የዳኑትንም የሞቱትንም አንድ ላይ ይቆጥራል።

ሁለተኛው መከራከሪያ «ነጮቹ የዕፅዋትን መድኃኒት ይደብቃሉ» የሚለው ነው። ለዚህ ከሀገራችን የተሻለ መልስ የለም። ሀገር ቤት አጣጥ ከምንለው ወገን የሆነ ቁጥቋጦ ከኢትዮጵያ ተወስዶ፣ በ1972 ኩፕቻን የተባለው ኬሚስትና ባልደረቦቹ ማይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር አወጡበት። ንጥረ ነገሩ የሴሎችን መከፋፈል በኃይል ይገታል። ያኔ አንድ ነጋዴ «የኢትዮጵያ ቅጠል ካንሰርን ድል አደረገ» ብሎ መጻፍ ይችል ነበር። በሰው ላይ ሲሞከር ግን ጉዳቱ ከጥቅሙ በልጦ ተተወ። ብርጭቆ ውስጥ ያለን ሴል መግደልና ሰውን ማዳን ለየቅል ናቸውና! ተመራማሪዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ የዚሁኑ ንጥረ ነገር ዝርያ የካንሰሩን ሴል ለይቶ ከሚይዝ አንቲቦዲ ጋር አቆራኙት፤ በ2013 አሜሪካ ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር ፈቀደችው። ከግኝቱ እስከ ፈቃዱ 41 ዓመት መሆኑ ነው። ታዲያ የተደበቀው የቱ ላይ ነው?

ልብ በሉ፤ ለፈቃዱ መሠረት በሆነው፣ 991 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት፣ በሽታቸው ለተሠራጨባቸው ሴቶች የመካከለኛው ዕድሜ ከ25.1 ወር ወደ 30.9 ወር ከፍ አለ። እውነተኛው ሳይንስ በወር ቆጥሮ፣ ለማን እንደሚሠራና ለማን እንደማይሠራ ለይቶ ይናገራል። «ካንሰርን ሁሉ፣ በሦስት ሳምንት፣ ያለ አንዳች ጉዳት» የሚል ካጋጠመን ገና ከአነጋገሩ ልንጠረጥረው ይገባል።

ስለዚህ ወሬው ሲደርሰን እንጠይቅ። የተሞከረው በሰው ላይ ነው ወይስ በአይጥ? በስንት ሰው? ከምን ጋር ተነጻጽሮ? ሌሎች ደግመው አረጋግጠውታል? የሚመሰክረውና የሚሸጠው አንድ ሰው ነው?

ጉዳዩ የክርክር ማሸነፊያ አይደለም። በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ገና ያልተሠራጨ ካንሰር ይዟቸው ሕክምናውን ትተው በአማራጭ መድኃኒት ብቻ የተማመኑ 281 ሰዎችን ተመልክቶ፣ የመሞት አደጋቸው ሕክምና ከወሰዱት 2.5 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። በጡት ካንሰር ከ5 እጥፍ በላይ ነው። እነዚህ ሊድኑ ይችሉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ገንዘብ ቢጠፋ ይተካል፤ ዕጢው ትንሽ የነበረበት ጊዜ ግን አይመለስም።

ቸር ወሬ ያሰማን፤ የሰማነውንም የምንመዝንበት ልቦና ይስጠን።