ጭምብሉና የኪስ ሰዓቱ፦ «ዘ ሎን ሬንጀር»ን እንደገና ስናየው

በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቦ የካውቦይ ፊልም እያየ ያደገ ሰው አንድ የማይሻር ሕግ ያውቃል፤ «አክተሩ አይሞትም»። በዚያ ቤት ቋንቋ አክተር ማለት ማንኛውም ተዋናይ አይደለም። ፊልሙ የእርሱ የሆነው፣ ጥይት የሚስተው፣ ጀንበር ስትጠልቅ ወደ አድማሱ የሚጋልበው አንዱ ሰው ብቻ ነው። ከጎኑ የሚጋልበው «የአክተሩ ጓደኛ» ይባላል፤ ስሙን የሚጠይቅለት የለም። ላባ የሰኩት፣ ፊታቸውን ቀለም የተቀቡት፣ በእኛ ዘንድ «ቀይ ሕንዶች» ሲባሉ የኖሩት ደግሞ ከኮረብታው ጀርባ እየጮኹ ብቅ ብለው በጅምላ ከፈረስ ይወድቃሉ። ይህን ሕግ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ፊልሞቹ ራሳቸው አስተማሩን። ዛሬ የማነሳው ፊልም ይህንኑ ሕግ ሊሽር ተነስቶ የወደቀ ፊልም ነው።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2013 ዲስኒ የተባለው ኩባንያ «ዘ ሎን ሬንጀር»ን ለተመልካች አቀረበ። ዳይሬክተሩ ጎር ቨርቢንስኪ፣ ፕሮዲዩሰሩ ጄሪ ብሩክሃይመር፣ ዋናው የገበያ ስም ደግሞ ጆኒ ዴፕ ነበር፤ ሦስቱም በካሪቢያን የባሕር ወንበዴዎች ፊልሞች የዓለምን ሲኒማ ቤቶች ያጥለቀለቁ ሰዎች ናቸው። ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈሰሰበት። በዓለም ዙሪያ ያስገባው 260 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን፣ ከትኬቱ ገቢ ከፊሉ የሲኒማ ቤቶቹ መሆኑና የማስታወቂያው ወጪ ሲታሰብ፣ ኩባንያው ከ160 እስከ 190 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ እንደሚጠብቅ ለመናገር ተገደደ። ሐያስያኑም አልማሩትም። ረዘመ፣ ተንዛዛ፣ ቀልዱና ደሙ ተደበላለቀ ተባለ። በመጥፎ ፊልሞች ላይ የሚያላግጠው የራዚ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2014 ከደጋሚና ተከታይ ፊልሞች ሁሉ የከፋው ብሎ ሸለመው። ለኦስካር የታጨውም በምስል ቅንብርና በሜካፕ ብቻ ነው። ክዌንቲን ታራንቲኖ ከዓመቱ ምርጥ ፊልሞች ተርታ ሲያሰልፈው ብዙዎች እንደ ቀልድ ቆጠሩት።

ይህ ጽሑፍ ፊልሙ እንከን የለሽ ነበር ለማለት አልተነሳም። እንከኖቹ ብዙ ናቸው፤ ወደ ኋላ እመለስባቸዋለሁ። ክርክሬ ሌላ ነው። ፊልሙ የተጠላው ካልተሳካለት ነገር ይልቅ በተሳካለት ነገር ይመስለኛል። ለበጋ መዝናኛ ትኬት የቆረጠውን ሰው «ይህን ተረት ስትሰማ የኖርኸው ከማን አፍ ነው?» ብሎ ጠየቀው።

ጥያቄው እንዲገባን ወደ ተረቱ ምንጭ እንሂድ። ሎን ሬንጀር የተወለደው በፊልም አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1933 በዲትሮይት ከተማ፣ የጆርጅ ትሬንድል ንብረት ከነበረ የራዲዮ ጣቢያ፣ በፍራን ስትራይከር ድርሰት ተላለፈ። ከአድፍጦ ጥቃት ብቻውን የተረፈ የቴክሳስ ፈረሰኛ ሕግ አስከባሪ ከሟች ወንድሙ ሰደርያ ጭምብል ቀዶ ያጠልቅና፣ በነጭ ፈረሱ እየተዘዋወረ ግፈኞችን ይቀጣል። ከሮሲኒ «ዊልያም ቴል» ኦፔራ መግቢያ የተወሰደው የግልቢያ ሙዚቃ የፈረሱ ኮቴ እስኪመስል ድረስ ከስሙ ጋር ተጣበቀ። ቶንቶ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ውስጥ አልነበረም። የገባበት ምክንያት ቀላል ነው፤ በራዲዮ ላይ ብቻውን የሚጋልብ ጀግና የሚያናግረው ሰው ካላገኘ ሐሳቡ አይሰማም። ቶንቶ፣ በስፓኝ ቋንቋ «ሞኝ» የሚል ትርጉም ያለው ስም የተለጠፈበት ሰው፣ የተፈጠረው ጆሮ እንዲሆን ነበር።

የቨርቢንስኪ ፊልም የሚከፈተው በዚያው በ1933፣ በሳን ፍራንሲስኮ የትርዒት ሜዳ ነው። ጭምብል ያጠለቀ፣ የካውቦይ ልብስ የለበሰ አንድ ሕፃን ልጅ በድንኳኑ ውስጥ የታሸጉ አውሬዎችን እያየ ይሄዳል። ጎሹን ያያል፣ ድቡን ያያል፤ ቀጥሎ በመስታወት ውስጥ የቆመ፣ እጅግ ያረጀ ኮማንቺ ያያል። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ «ክቡሩ አረመኔ» ይለዋል። ሽማግሌው ዓይኑን ያንቀሳቅሳል። ልጁ ይደነግጣል። ሽማግሌው ቶንቶ ነው፤ ታሪኩን የሚነግረንም እርሱ ነው።

ዓመቱ በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስለኝም። ዲትሮይት ላይ ራዲዮው የቶንቶን ታሪክ ያለ ቶንቶ መተረክ በጀመረበት ዓመት፣ ባለቤቱ ከታሸጉ አውሬዎች ጋር ተደርድሮ በትኬት ይታያል። ፊልሙ ለዚያ ጆሮ አፍ ሰጠው። አፉ ደግሞ ያደናግራል፤ የሚናገረው ሁሉ እርስ በርሱ አይገጥምም። ልጁ አንዳንዴ «ባንክ ዘረፋችሁ እንዴ?» ብሎ ያቋርጠዋል፤ ጀግኖች ባንክ አይዘርፉማ! ሐያስያኑ የተዝረከረከ ትረካ ያሉት ይኸው ነው። ነገር ግን ሕዝቡ አልቆበት እርሱ ብቻ የቀረ ሽማግሌ ታሪኩን በፊደል ተራ እንዲያወራልን መጠበቃችን ምን ይባላል? እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው «ሊትል ቢግ ማን» 121 ዓመት ባለፈው ሽማግሌ አፍ ምዕራቡን ሲተርክ ተሞግሶ ነበር። ይኸኛው ያንኑ መንገድ ሲከተል ተወገዘ።

የታሪኩ እምብርት አንድ የኪስ ሰዓት ነው። ቶንቶ ሕፃን ሳለ ሁለት ቁስለኛ ነጮች አግኝቶ ወደ መንደሩ ያመጣቸዋል። ሰዎቹ በወንዙ ውስጥ ብር ማዕድን ያያሉ። ልጁ ምንጩን ያሳያቸዋል፤ በምላሹ ርካሽ ሰዓት ይሰጡታል። ምስጢሩ እንዳይወጣ መንደሩን በሙሉ ይፈጃሉ። እንግዲህ ቶንቶ ተበዳይ ብቻ አይደለም፤ በልጅነት የዋህነት በር የከፈተም ነው። ይህንን መሸከም ያቃተው አእምሮ አንደኛውን ገዳይ ወደ ክፉ መንፈስ፣ ራሱንም ወደ መንፈስ አዳኝ ለወጠ። የኮማንቺዎቹ አለቃ ይህን ለጆን ሪድ ሲያስረዳው፣ እስከዚያ ድረስ ስንስቅበት የነበረው ሁሉ፣ በራሱ ላይ የተሸከመው የሞተ ቁራ፣ ለቁራው የሚበትነው ጥሬ፣ ከሙታን አንድ ነገር ሲወስድ ሌላ ነገር ትቶ መሄዱ፣ መልኩን ይለውጣል። ያ ሁሉ ቀልድ ሐዘን ኖሯል። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ አንድን የተበላሸ ንግድ ሊያቃና ሲደክም ኖሯል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይሉ የለ? እዚህ የተወጋው፣ ቢላዋውን ያቀበለው እኔ ነኝ ብሎ ያምናል።

ጭምብሉስ? ጆን ሪድ ወደ ምዕራብ የሚመጣው በባቡር፣ የጆን ሎክን የመንግሥት ድርሳናት እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ነው። ሕግ ካለ ጠመንጃ አያስፈልግም ባይ ጠበቃ ነው። ሎክ ደግሞ መንግሥት የሚቆመው የሰውን ንብረት ሊጠብቅ ነው ብሎ የጻፈ ፈላስፋ ነው። ፊልሙ ይህን መጽሐፍ ይዞ የመጣውን ሰው ንብረት ሁሉ በሚዘረፍበት አገር ውስጥ ይጥለዋል። የባቡር ሐዲዱ ሰው ላተም ኮል የቡች ካቨንዲሽን ወንበዴዎች እንደ ኮማንቺ አልብሶ የነጮችን ሰፈር ያስወርራል፤ ውሉ ፈረሰ ተብሎ ጦሩ ይዘምታል፤ ሐዲዱም ውል በከለከለው መሬት ላይ ያልፋል። ስለዚህ በዚህ ፊልም ውስጥ ጭምብል ያጠለቀው ጀግናው ብቻ አይደለም። ወንበዴው የተበዳዩን ፊት አጥልቋል፣ ስግብግብነት የዕድገትን ፊት፣ ጭፍጨፋም የሕግን ፊት። መንግሥት በግልጽ ፊቱ የሚዋሽ ከሆነ ፍትሕን የሚፈልግ ሰው ፊቱን መሸፈኑ ይገባናል። ጆን ሪድ በመጨረሻ የሚሰጠውን የሕግ አስከባሪነት ሹመት ሳይቀበል የሚሄደው ለዚህ ነው።

ታሪካዊ እውነቱን ከጠየቅን ፊልሙ ይወድቃል። አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ያገናኘው ሐዲድ እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 1869 የተጋጠመው በዩታ እንጂ በቴክሳስ አይደለም። ከበስተጀርባ የሚታዩት ቀያይ የድንጋይ ዓምዶችም በዩታና በአሪዞና ድንበር ያለው የናቫሆዎች ምድር ናቸው። ግን ጆን ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1956 «ዘ ሰርቸርስ»ን ቴክሳስ ነው ብሎ እዚያው ሲቀርጸው ማንም አልከሰሰውም። መንፈሱም ቢሆን በሰሜን የሚኖሩት የአልጎንኩዊን ሕዝቦች እምነት እንጂ የኮማንቺ አይደለም፤ ይህ ስህተት ነው፤ ስህተት ብለን እንለፈው። የኮማንቺዎች እውነተኛ ታሪክ ግን ከፊልሙ ብዙ አይርቅም፤ እ.ኤ.አ. በ1867 ውል ተፈራረሙ፣ በ1875 የመጨረሻዎቹ እጃቸውን ሰጡ። በመካከሉ የነበሩት ስምንት ዓመታት ናቸው።

አሁን ወደ እውነተኛዎቹ እንከኖች። የመጀመሪያው ይቅርታ የማያገኘው ነው። ከ1949 እስከ 1957 በታየው የቴሌቪዥን ተከታታይ ቶንቶን የተጫወተው ጄይ ሲልቨርሂልስ ከካናዳ የሞሆክ ሕዝብ የተወለደ ሰው ነበር። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ የነባሩን ሕዝብ አፍ እመልሳለሁ ብሎ የተነሳ ፊልም ሚናውን ለጆኒ ዴፕ ሰጠ። ዴፕን አንዲት የኮማንቺ እናት እ.ኤ.አ. በ2012 እንደ ልጅ ተቀብላዋለች፤ ያ የእርሷ ቸርነት ነው፣ የፊልሙ መልስ ግን አይደለም። ሁለተኛው፣ ኮማንቺዎቹ በጦሩ ጥይት ሲታጨዱ ካሜራው ብዙም አይቆይላቸውም። ቶንቶና ጆን እስከ አንገታቸው ተቀብረው ሳለ ፈረሱ ጊንጦቹን ሲለቅምላቸው የምንስቀው ሳቅ ከዚያ እልቂት ጋር አይታረቅም። ለሞቱት ከአንድ ደቂቃ ዝምታ በላይ ይገባቸው ነበር። ሦስተኛው፣ 149 ደቂቃ ብዙ ነው። ሴቶቹም ለታሪኩ ጌጥ ሆነው ቀርተዋል።

ይሁንና የመጨረሻውን የባቡር ፍልሚያ ያየ ሰው፣ ሁለት ባቡሮች በትይዩ እየተሽቀዳደሙ የሮሲኒ ሙዚቃ አሥር ደቂቃ ገደማ ሲያስጋልበው፣ የባስተር ኪተንን የ1926 «ዘ ጄኔራል» ማስታወሱ አይቀርም። የጨዋታው ማሠሪያ ግን የሚጮኸው ጡሩንባ ሳይሆን ቶንቶ ሰዓቱን ለኮል መልሶ የሚሰጥባት ቅጽበት ናት። ንግዱ ፈረሰ። ኮልም ከነብሩ ወንዙ ውስጥ ይሰጥማል። ብሩ ከወንዝ ወጥቶ ነበር፤ ወደ ወንዝ ተመለሰ። ሕዝቡ ግን አልተመለሰም፤ ፊልሙም ይህን አይደብቅም።

ለእኛ አካባቢ አንባቢ ይህ የሩቅ አገር ወሬ ላይሆን ይችላል። ከሞምባሳ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ የደረሰው ሐዲድ በናንዲዎች ምድር አልፏል፤ መሪያቸው ኮይታሌል አራፕ ሳሞይ በ1905 የተገደለው ለዕርቅ ንግግር ተጠርቶ በወጣበት ነው። በሐዲዱ ሥራ ላይ ያለቁት ሕንዳውያን የጉልበት ሠራተኞችም በፊልሙ ማዕድን ውስጥ ከሚታዩት ቻይናውያን ጋር ወንድማማቾች ናቸው። ባቡሩ ጥቅም የለውም አልልም፤ ልጅ ተምሮበታል፣ እህል ተጭኖበታል። የፊልሙ ጥያቄ ስለ ባቡሩ አይደለም። ሐዲዱ ሲመረቅ ንግግር የሚያደርገው ማን ነው? በማን ቋንቋ? መሬቱን ያጣውስ የት ቆሞ ይሰማል?

ሽማግሌው ታሪኩን ሲጨርስ ልጁ እውነት ይሁን አይሁን ይጠይቃል። ቶንቶ መልሱን ለልጁ ይተወዋል፤ አንዲት የብር ጥይትም ያቀብለዋል። ከዚያ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር መውጣት ሲጀምር አንድ ረጅም ትዕይንት ይቀጥላል። ያ ሽማግሌ ያረጀ ኮቱን ለብሶ፣ ሻንጣውን ይዞ፣ በቀስታ እየተራመደ፣ ወደ ቀያዮቹ ዓምዶች ይሄዳል። ማንም አይከተለውም፣ ፈረስም የለውም። ስሞቹ በፊቱ ላይ እያለፉ እርሱ እያነሰ፣ እያነሰ ይሄዳል።

አብዛኛው ተመልካች በዚህ ሰዓት ከወንበሩ ተነስቷል። በየቪዲዮ ቤቱም ቢሆን ስም ሲወጣ ካሴቱ ይወጣ ነበር፤ አክተሩ አሸንፏልና ምን ቀረ? እንግዲህ ይህን ፊልም ዳግም የሚያይ ሰው አንድ ነገር ብቻ እለምነዋለሁ፤ እስከ መጨረሻው ይቀመጥ። ብዙ ከተሳሳተ ፊልም ውስጥ የቀረው ቁም ነገር የአክተሩ ጓደኛ ብቻውን የሚሄድበት ያ መንገድ ነው።