ግድግዳው ሳይለሰን፦ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሥልጠና ከዲንሾ ሲመዘን

ከሻሸመኔ ተነሥቶ በዶዶላና በአዳባ በኩል ወደ ሮቤ የሚዘልቀው መንገድ ዲንሾን የሚያገኛት ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት በዚች ከተማ ይገኛል። በዚሁ ደጋ አካባቢ፣ በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ የተሠራው የመልካ ዋከና ማመንጫ 153 ሜጋ ዋት አቅም አለው። ይሁን እንጂ ኃይሉን ከመንገድ ዳር ምሰሶ እስከ መኖሪያ ቤቱ አምፖል ድረስ ያሉትን የመጨረሻ ጥቂት ሜትሮች የሚያሻግረው ግድቡን የነደፈው መሐንዲስ አይደለም፤ ፒንሳና ካቻቢቴ የያዘ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ይህን ሠራተኛ የሚቀርጸው የሙያ ደረጃና ምዘና በእንዲህ ያለ ቦታ ሲፈተሽ ጥንካሬውም ድክመቱም ጎልቶ ይታያል።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ሥልጠናውን በውጤት ላይ የተመሠረተ አድርጎታል። በዚህም መሠረት የሚዘጋጀው የሙያ ደረጃ ሰነድ ሥራውን በብቃት አሃዶች ይከፍላል፤ አሃዱን ወደ ክፍለ ተግባራት፣ ክፍለ ተግባሩን ወደ አፈጻጸም መመዘኛዎች ይተነትናል። የዚህ አሠራር ጥቅም ሊካድ አይገባም። ቀድሞ ከአንድ ኤሌክትሪሽያን ኋላ መሰላል ተሸክሞ የተማረ ረዳት ችሎታውን የሚያስመሰክርበት መንገድ አልነበረውም። ዛሬ ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው እንኳ ተመዝኖ የምስክር ወረቀት ሊያገኝ ይችላል። ይህ ትልቅ ፍትሕ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ሥራው ሲከፋፈል ከሚጠፋው ነገር ላይ ነው። ቧንቧ መቅበር፣ ሽቦ መሳብ፣ ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ መግጠም እያንዳንዳቸው ሊታዩና ሊመዘኑ የሚችሉ የእጅ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሙያ ዋናው ክፍል ከዚህ ይቀድማል፤ የትኛው ዕቃ በየትኛው መስመር ላይ እንደሚሰካ፣ ሽቦው ምን ያህል ሸክም እንደሚችል፣ ስሕተቱ ቢከሠት ምን እንደሚያቋርጠው መወሰን ነው። ይህ ውሳኔ ግድግዳው ሲለሰን አብሮ ይቀበራል። አናጢው የሠራው በር ቢጣመም ባለቤቱ በማግስቱ ያየዋል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ስሕተት ግን ለዓመታት ተደብቆ ሊኖር ይችላል፤ በመጨረሻ የሚያገኘውም ብዙ ጊዜ ስለ ሙያው አንዳች የማያውቅ የቤቱ ሰው ነው።

የእንጀራ ምጣድ ለዚህ በቂ ምሳሌ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ቢወስድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ይኸውም የ16 አምፔር መቁረጫ ያለውን አንድ የሶኬት መስመር ብቻውን ይሞላዋል። በዚያው መስመር ላይ 2,000 ዋት የሚወስድ ምድጃ ቢጨመር ድምሩ 25 አምፔር ይደርሳል። መቁረጫው ደጋግሞ ይወርዳል፤ እመቤቲቱ ይማረራሉ፤ ጎረቤት የተጠራ ወጣት መቁረጫውን አውጥቶ በ32 አምፔር ይለውጠዋል። ከዚያ በኋላ ምጣዱ ያለ እንከን ይሠራል፤ የሚሞቀው በግድግዳው ውስጥ ያለው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ነው። ወጣቱ የለወጠበት የእጅ ሥራ ከተመዘነ እንከን ላይኖረው ይችላል። የጎደለው ለምጣዱ የራሱ መስመርና የራሱ ወፍራም ሽቦ እንደሚያስፈልገው ገና ከመጀመሪያው አስቦ የመጠየቅ ልማድ ነው፤ ይህ ደግሞ በየትኛውም ነጠላ መመዘኛ ውስጥ ተጨምቆ አይገባም።

ሁለተኛው ነቀፌታ የቦታ ጉዳይ ነው። ሠልጣኙ በማሠልጠኛው ክፍል የሚለማመደው ብዙውን ጊዜ በተስተካከለ የእንጨት ሰሌዳ ላይ፣ ቢበዛ በብሎኬት ግድግዳ ላይ ነው። እንደ ዲንሾ ባሉ የደጋ ከተሞች ግን ከብሎኬቱ ጎን በእንጨት ተማግሮ በጭድና በጭቃ የተመረገው፣ ቆርቆሮ የለበሰው ቤት ብዙ ነው። ጭቃው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ እንጨቱም ከዝናብና ከበጋ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ በምርጉ ውስጥ ያለው ጭድ ተቀጣጣይ ነው። ከሁሉ የከፋው ሽቦው ወደ ቤት የሚገባበት የቆርቆሮ ጠርዝ ነው። ነፋስ ሽቦውን እያወዛወዘ በቆርቆሮው ስለት ላይ ሲፍቀው ልባሱ ይበላል፤ ጣራው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ዝናብ ሲመጣም ከጣራው ጋር የታሰረው የልብስ ማስጫ ሽቦ እንኳ አደገኛ ይሆናል። መከላከያው ርካሽ ነው፤ በመግቢያው ላይ አንድ ክንድ የፕላስቲክ ቧንቧ፣ በሣጥኑ ውስጥም በ30 ሚሊ አምፔር የሚያቋርጥ መከላከያ። ይህን በሰሌዳ ላይ ብቻ የሠለጠነ ሰው ከሌላ ሰው ካልሰማው በራሱ አያስበውም።

ከፍታውም የራሱ ሕግ አለው። በ3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። የአነስተኛ ቮልቴጅ መቁረጫዎች ዓለም አቀፍ ደረጃዎች በመደበኛነት የሚያስቡት እስከ 2,000 ሜትር ያለውን ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ የሳሳው አየር ዕቃውን የማቀዝቀዝም ሆነ ብልጭታን የመከልከል ኃይሉ ይቀንሳል። ለአንዲት አነስተኛ ቤት ልዩነቱ ጎልቶ ላይታይ ይችላል። ለሆቴል ወይም ለጤና ጣቢያ ማከፋፈያ ሣጥን ግን ቸል የሚባል አይደለም፤ ጄኔሬተርም በዚህ ከፍታ በሰሌዳው ላይ የተጻፈለትን ኃይል በሙሉ ላይሰጥ ይችላል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,000 ሜትር በላይ መሆኗ ሲታሰብ፣ ጉዳዩ የጥቂት ደገኞች ብቻ ነው ብሎ መተው አይቻልም።

በቋንቋ ረገድ የሚታየው ክፍተት ደግሞ ያስገርማል። ሰነዱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ በሥራ ቦታ የሚነገረው ኦሮምኛና አማርኛ ነው፤ የመሣሪያዎቹ ስም ካቻቢቴም ሆነ ፒንሳ ከጣልያን የተወረሰ ነው። ሠልጣኙ በሦስት ቋንቋ መካከል ሲመላለስ ከሁሉ በፊት የሚጠፋበት «ለምን» የሚለው ነው። የ1987 ዓ.ም. ገደማው የሕንፃዎች የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደንብም እንዲሁ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ ከመሐንዲሱ ጠረጴዛ ወርዶ ከሠራተኛው እጅ የሚደርስበት መንገድ ጠባብ ነው።

ሥልጠናው 70 በመቶ በተግባር፣ 30 በመቶ በንድፈ ሐሳብ እንዲሆን የተወሰነው ይህን ክፍተት ለመድፈን ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም ተግባሩን የሚያስተምረው የግንባታ ቦታ ነው፤ የግንባታ ቦታውም ያንኑ ስሕተት የሚደግም ከሆነ ሰዓቱ መብዛቱ ስሕተቱን ያጸናዋል። ስለዚህ መመዘን የሚገባው የሰዓቱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ውስጥ ሠልጣኙ ምን እንደለካ ነው። ልስን ከመደረጉ በፊት በሽቦዎቹ መካከል 500 ቮልት አሳልፎ መከላከያቸው ከ1 ሜጋ ኦም በላይ መሆኑን ማረጋገጥ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። የመሬት መስመሩን መለካትም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን በክረምት በረጠበ አፈር የተለካ መልካም ቁጥር በጥር ወር ደርቆ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ አስተዋይ መዛኝ ሠልጣኙን የሚጠይቀው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የለካበትን ወር ጭምር ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ሰነድ አይደለም። ለመዛኙ አንድ የመከላከያና አንድ የመሬት መለኪያ፣ ለሠልጣኙም ከሰሌዳው ጎን የሚቆም፣ ግማሹ በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ አንድ የመለማመጃ ግድግዳ ይበቃል። ጭቃውን፣ ጭዱንና እንጨቱን በባሌ ደጋ ማንም ሊያቀርበው ይችላል።