ያለ ጉዳይ ውኃ ዳር መቆም፦ ከእንግሊዝ ፒሮች ወደ ሐይቆቻችን

ሰበታ የባሕር መንገዳችን መነሻ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ከዚህ ተነሥቶ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ ጅቡቲ ይደርሳል። ስለ ሐዲዱ ሲነሣ ግን የምንሰማው ስለ ወደብ፣ ስለ ኮንቴይነርና ስለ ኪራይ ነው። ባሕር በአሳባችን ውስጥ የጭነት በር ብቻ ሆኗል። ሰው ከውኃ ጋር ያለውን ሌላውን ዝምድና፣ ያለ ጉዳይ ወርዶ መንሸራሸርን፣ የእንግሊዝ ፒሮች በግልጽ ያሳያሉ። ፒሮቹን ተወዳጅ ያደረጋቸው፣ የተሠሩለት ጥቅም ካለፈ በኋላ ሕዝቡ ለደስታው ብሎ አለመልቀቁ ነው የሚል እምነት አለኝ፤ ሐይቆቻችንንም በዚሁ ዓይን ማየት ይገባል።

ፒር በምሰሶዎች ላይ ቆሞ ከዳርቻ ወደ ባሕሩ የሚዘልቅ ረጅም መተላለፊያ ነው። አጀማመሩ ከጨዋታ ጋር አይገናኝም። በራይድ ከተማ ባሕሩ ሲሸሽ ጀልባ ወደ ዳር መጠጋት ስለማይችል፣ መንገደኛው በሰው ትከሻ ወይም በጋሪ ጭቃውን ይሻገር ነበር፤ በ1814 የተከፈተው ፒር ይህን እንግልት አስቀረ። በሳውዝኤንድ ባሕሩ ከዚያም ርቆ ስለሚሸሽ ፒሩ እየተቀጠለ 2.16 ኪሎ ሜትር ደረሰ፤ እስከ ጫፉ የሚያደርስ ትንሽ ባቡርም አለው። በኋላ የምድር ባቡር የከተማውን ሠራተኛ ለዕረፍት ወደ ዳርቻው ሲያጓጉዝ፣ የመርከብ መሳፈሪያው የሙዚቃ አዳራሽ፣ የዕድል ነጋሪዎች ድንኳንና ሳንቲም የሚጎርሱ የጨዋታ ማሽኖች መደርደሪያ ሆነ። የፒር ውበት ከዚህ ተቃርኖ ይመነጫል፤ ማዕበል እንዲቋቋም የተሰላ ብረት የሚሸከመው ሳቅና አይስክሬም ነው።

ይህ ውበት ያለ ጠባቂ አይዘልቅም። የብራይተኑ ምዕራባዊ ፒር በ1866 ተከፍቶ በ1975 ተዘጋ፤ በ2003 በእሳት ወድሞ አጽሙ ብቻ ቀረ። በ1869 የተከፈተው፣ ከአሮጌ የባቡር ሐዲድ የተሠራው የክሊቭደን ፒር ደግሞ በ1970 በክብደት ሙከራ ላይ በከፊል ተደረመሰ። ይፍረስ ሲባል የከተማው ነዋሪዎች ተሟገቱለት፣ ገንዘብም አዋጡለት፤ በ1989 ዳግም ተከፈተ። ቅርስ የሚባለው ቤተ መንግሥትና ቤተ መቅደስ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሕዝብ የተዝናናበት ስፍራም ክርክር እንደሚገባው ክሊቭደን ይመሰክራል።

ታሪካችንም ከእነዚህ ዳርቻዎች ጋር ይነካካል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው፣ በ1936፣ በዎርዚንግ ከተማ ዋርንስ ሆቴል አርፈው ነበር። የከተማዋ ፒር በ1933 ተቃጥሎ የጫፍ አዳራሹ እንደገና ከታነጸ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። አገራቸው የተወረረችባቸው ንጉሥ ባረፉባት ከተማ፣ ሌላው ሕዝብ የበጋ ዕረፍቱን ያሳልፍ ነበር።

በአገራችን ለፒር የሚቀርበው በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው ፍቅር ሐይቅ የሚባለው መንሸራሸሪያ ነው። ሐይቁ ሞልቶ ከተማዋን እንዳያጥለቀልቅ የተሠራው ግድብ የፍቅረኞች፣ የተማሪዎችና የቤተሰብ መንሸራሸሪያ ሆኗል። በዚያው በሐዋሳ፣ በአሞራ ገደል፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ሻጩ፣ ተመጋቢውና ፍርፋሪ የሚጠብቀው አባ ኮዳ በአንድ ዳርቻ ይውላሉ። በቢሾፍቱ ግን የባቦጋያ ሐይቅን ዳርቻ በአብዛኛው ሪዞርቶች ይዘውታል፤ ውኃውን በቅርብ ለማየት የሆቴል በር ማለፍ ያስፈልጋል።

ፒሮቹም ከክፍያ ነፃ አልነበሩም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ የመግቢያ ሳንቲም ያስከፍሉ ነበር፤ የብራይተን ፓላስ ፒርም በ2024 ከከተማው ነዋሪ ውጭ ያለውን ጎብኚ አንድ ፓውንድ ማስከፈል ጀምሮ ነበር። ሆኖም ለመግቢያ የሚከፈል ጥቂት ሳንቲምና የሪዞርት ምሳ ዋጋ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ለጥገና የሚዋጣ ድርሻ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለውን ይወስናል።

ስለዚህ ከሰበታ በጅማ መንገድ በወሊሶ በኩል የምንደርስበትን ወንጪንና የጣናውን ጎርጎራ በሎጆቻቸው ውበት ብቻ አንመዝናቸው። ከሰበታ በሚኒባስ የመጣ ቤተሰብ ምንም ሳያዝዝ ውኃው ዳር ይደርሳል ወይ? በየሐይቁ ዳር ለሚወጣ ማንኛውም ፕላን ለእግረኛ ክፍት የሆነ፣ በሕግ የተከበረ መተላለፊያ ግዴታ ይሁን። ጎብኚ ሲመጣም ሲቀርም ዳርቻውን የሚጠብቀው የአካባቢው ሰው ነው፤ እንዲጠብቀው ግን አስቀድሞ ሊገባበት ይገባል።