የሸክላ ዕድል
ስለ ታወቁትና ስለ ተዘነጉት የሙዚቃ ደራስያን

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለብዙው ዕውቀት እውነት ነው። ለሙዚቃ ድርሰት ግን ግማሽ እውነት ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን። ሙዚቃ በኖታ ተጽፎ በሣጥን ቢቀመጥ፣ መሣሪያውን አንሥቶ የሚያሰማው ሰው እስኪመጣ ድረስ ወረቀቱ ዲዳ ነው። ስለዚህ የሙዚቃ ደራሲ ስሙ መግነኑም ሆነ መዘንጋቱ በሥራው ማማርና አለማማር ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ማን ተጫወተለት፣ ማንስ ቀርጾ አኖረለት በሚለውም ጭምር ነው እንጂ። ይህንኑ ነገር በሦስት ኢትዮጵያውያን ደራስያን ሥራ ልንመረምረው አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ ለእኛ ለደብረ ማርቆስ ሰዎች እንግዳ አይደለም። በጎጃም የቅኔ ቤቶች፣ በዲማም ሆነ በዋሸራ፣ ቅኔ በየጊዜው አዲስ ሆኖ ይዘረፋል። ከዚያ ሁሉ መካከል የሚቀረው ተማሪ በልቡናው የያዘው ነው። የተያዘው ከነባለቤቱ ስም ሲወሳ ይኖራል፤ ያልተያዘው ግን ምንም ቢመጥቅ ከዕለቱ ጋራ ያልፋል። የአገራችን ልጅ ሐዲስ ዓለማየሁ የደረሱት «ፍቅር እስከ መቃብር»ም ቢሆን፣ በጽሑፉ የተወደደ ሆኖ ሳለ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ በተተረከ ጊዜ ፊደል ካልቈጠረው ሰው ጆሮ ሳይቀር ደረሰ።

በአውሮጳም ነገሩ እንዲሁ ነው። ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በ1750 ከሞተ በኋላ፣ ታላቁ የማቴዎስ ሕማማት ድርሰቱ ከሰው ጆሮ ርቆ ይኖር ነበር። በ1829 ፌሊክስ ሜንደልሶን የተባለ የሃያ ዓመት ወጣት በርሊን ላይ ቢያሰማው፣ የሞተው ደራሲ እንደ ገና ተነሣ። የባኽን የብቸኛ ቼሎ ድርሰቶችም፣ ፓብሎ ካሳልስ ከ1936 እስከ 1939 በሸክላ እስኪቀርጻቸው ድረስ፣ ብዙው ሰው እንደ ጣት ማፍታቻ ልምምድ ይቈጥራቸው ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1923 በአዲስ አበባ የተወለዱት የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ በልጅነታቸው በስዊስ አገር፣ ኋላም በካይሮ ሙዚቃን ተምረው፣ ከዚያ ዓለምን ትተው በግሸን ማርያም መንኵሰዋል። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1967 በጀርመን አገር ታተመ። ከዚያ ወዲያ አርባ ዓመት ያህል ከጥቂት ወዳጆች በቀር የሚያነሣው አልነበረም። በ2006 ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮጲክስ» በተባለው ተከታታይ ኅትመቱ 21ኛ ቍጥር አድርጎ ቢያወጣው፣ ስማቸው ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ሐዘኑ የዓለም ሆነ። ድርሰቱ ግን በ1967 የነበረው ያው ነው፤ የተለወጠው የሰሚው ዕድል ነው።

ይሁን እንጂ መታወቅም የራሱ አደጋ አለው። ያ ተከታታይ ኅትመት አብዛኛው ክፍሉ የአዲስ አበባ ዘፈንና የነሐስ ባንድ በመሆኑ፣ የባዕድ አገር ሰዎች የእማሆይን ሥራ «ጃዝ» ሲሉት እንሰማለን። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። «ቤት የለሹ መንገደኛ» የተባለውን ድርሰታቸውን በጥሞና ያዳመጠ የዜማ ቤት ሰው፣ ምቱ በቈጣሪ ሳይታሰር በትንፋሽ ልክ ሲረዝምና ሲያጥር፣ ከዋናው ድምፅ አጠገብ ትንንሾቹ ድምፆች ሲርገበገቡ፣ ርክርኩን ያስተውላል። ደግሞም ብዙዎች ስለ መነኵሲቱ ሕይወት ሲያወሩ ሙዚቃውን ሳይሰሙ ያልፋሉ። ሕይወታቸው የሚያስደንቅ ነው፤ ድርሰታቸው ግን የታሪኩ ማጀቢያ ተደርጎ ሊቈጠር አይገባውም። ነቀፌታም ካስፈለገ፣ ድርሰቶቹ በተከታታይ ሲደመጡ በአንድ ዓይነት የትካዜ መንፈስ መሰንበታቸው ጆሮን ለውጥ እንዲናፍቅ ያደርገዋል እንላለን።

ሁለተኛው አቶ ግርማ ይፍራሸዋ ናቸው። በልጅነታቸው ክራር የተጫወቱ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ኋላም በቡልጋርያ በሶፊያ የተማሩ ፒያኖ ተጫዋች ናቸው። በ2014 የወጣው «ፍቅርና ሰላም» የተባለው ሥራቸው አምባሰልን፣ ሰመመንን፣ ጨዋታን፣ እልልታንና ባለ ዋሽንቱን እረኛ የሚመለከት ድርሰት ይዟል። እዚህ ላይ የጎጃም ሰው ዳኝነት ይፈለጋል። ዋሽንት በትንፋሽ የሚነገር ስለሆነ ድምፁን ያጐብጠዋል፣ ያንሸራትተዋል። ፒያኖ ግን በመዶሻ የሚመታ ስለሆነ አንዱን ድምፅ ትቶ ወደ ሌላው ይዘላል እንጂ በመካከላቸው መንሸራተት አይችልም። አቶ ግርማ ይህን ጉድለት በአውሮጳ የሮማንቲክ ዘመን ጥበብ፣ ማለት በድምፆች መደራረብና በፔዳል በሚፈጠር ማስተጋባት ይሸፍኑታል። ብዙ ጊዜ ይሳካላቸዋል፤ ገደል ለገደል የሚመላለሰው ድምፅ የሚመጣልን ይመስለናል። አንዳንድ ቦታ ግን ድምፆቹ በዝተው እረኛውን ከሜዳው አንሥተው አዳራሽ ያስገቡታል።

ሦስተኛው ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ናቸው። በ1938 ተወልደው በ1998 ያረፉት እኒህ ሊቅ፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር ነበሩ። «እረኛው ባለ ዋሽንት» የተባለውን የኦርኬስትራ ድርሰታቸውን በ1967 የሀንጋርያን መንግሥት ኦርኬስትራ እየመሩ አሰምተዋል። አንባቢያችን ዘመኑን ያስተውል፤ የእማሆይ ሸክላ የታተመበት ያው ዓመት ነው። የርእሱንም ነገር ያስተውል፤ አቶ ግርማ ኋላ በፒያኖ ያነሡት ያው እረኛ ነው። በኦርኬስትራ ውስጥ በትንፋሽ የሚነገሩ መሣሪያዎች ስላሉ፣ ፒያኖ ከማይደርስበት የዋሽንት ጠባይ ለመድረስ መንገድ አለ። እንግዲህ ሁለቱን ድርሰቶች ጐን ለጐን አስቀምጦ መመዘን ለሙዚቃ ተማሪ እጅግ የሚጠቅም ትምህርት በሆነ ነበር። ነገር ግን አንደኛው በየቤቱ ሲደመጥ፣ ሌላውን ስሙን የሚጠራ እንጂ ዜማውን የሚያውቅ በከተማችን ብንጠይቅ አላገኘንም። ያልተሰማ ሥራ ተሸነፈ አይባልም፤ ገና ከችሎት አልቀረበም።

ከዚህ የምንማረው፣ ዝና የዳኛ ፍርድ አለመሆኑን ነው። እማሆይ አርባ ዓመት ተዘንግተው ሳለ ታላቅ ደራሲ ነበሩ። ዛሬ የተዘነጋውም ነገ የሚሆነውን እኛ አስቀድመን አንወስንም። ለውሳኔው የሚያስፈልገው ማሰማት ብቻ ነው። ስለዚህ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና የብሔራዊ ቴአትር ሙዚቀኞች የፕሮፌሰር አሸናፊን የኦርኬስትራ ድርሰት በአገራችን አዳራሽ ቢያሰሙልን፣ በጥሩ መሣሪያም ቀርጸው ለየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት ቢያድሉልን፣ ትልቅ ውለታ ይሆናል።

በመጨረሻም ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋ አንድ ደራሲ አለ። ሁለቱ ድርሰቶች በርእሳቸው የሚጠሩት እረኛ በጮቄ ግርጌ ዛሬም ዋሽንቱን ይነፋል፤ ዜማውን ከራሱ ያወጣዋል፤ ስሙን ግን የሚጽፍለት የለም። ከእርሱ ዘንድ ሄዶ የሚቀርጽ ሰው ቢገኝ፣ ከዜማው በታች «የጎጃም ዋሽንት» ብሎ እንዳያልፍ አደራ እንላለን። የእረኛውን ስም ከነአባቱ፣ ቀበሌውንና ዘመኑን ይጻፍበት።